የተዘቀዘቀ አድራሻ

ናሆም ጋጢሶ ለልጁ ሠርግ የሚጠራውን ሰው አሥራ ሁለት ላይ ሲያቆመው፣ ሚስቱ ሄራን የቀለደ መስሏት ሳቀች። አልቀለደም። አሥራ ሁለቱም የሙሽራው ወገን ነበሩ። ከሽሮ ሜዳ፣ ተወልዶ ስልሳ አንድ ዓመት ከኖረበት ሰፈር፣ አንድም ሰው አልጠራም።

«ጎረቤቱስ?» አለች ሄራን።

«ለእናቴ አንዲት ቃል የነፈገ ጎረቤት ለልጄ እልል አይልም» አለና ሸማ ወደሚሠራበት ጉድጓድ ወረደ።

ልጁ ትርንጎ ይህን ከበሩ ጀርባ ሆና ሰማች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በዚያ ዘመን ሽማግሎቹ ናሆምና ሄራን፣ ወጣቶቹ ደግሞ ትርንጎና ይታገሱ ነበሩ፤ ስምም እንደ ልብስ ፋሽን ዞሮ ይመጣል። ትርንጎ ያደገችው በአንድ ቤት አይደለም። ምሳዋን እዚህ፣ መክሰሷን እዚያ እየበላች፣ ያጠፋች ቀን ደግሞ ሦስተኛ ቤት ተደብቃ ነው ያደገችው። ሰፈሩ የሌለበት ሠርግ ምን እንደሚመስል በሐሳቧ ልታየው ሞከረችና አልታይ አላት።

«አባዬ፣ እነሱ ከሌሉ እኔም ሠርግ አልፈልግም። ከይታገሱ ጋር ሄደን እንፈራረምና እንመጣለን» አለች ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ።

ናሆም መወርወሪያውን ወደ ግራ ላከ፣ ወደ ቀኝ መለሰ። የሚሠራው ጥለት በሰኔ ክርስትና ለሚነሣ ሕፃን ነበር።

ዓመቱ ሁለት ሺህ ዘጠና ስምንት ነው። ሸማኔነት በዚያ ጊዜ የሚያስከብር ሥራ ነበር፤ የሰውን አድራሻ የሚሠራው ሸማኔ ነዋ። በአያቶች ዘመን ገንዘብ በአየር መሄድ ሲጀምር የአንድ ሰው አድራሻ አርባ ሁለት ፊደልና ቁጥር ነበር ይባላል። አንዷን የሳተ ሰው ገንዘቡ የማያውቀው አገር ገብቶ ይቀርበታል። ሰዉ አርባ ሁለቱን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ፍራሽ ሥር ይደብቃል፣ ወረቀቱን ደግሞ አይጥ ይበላዋል። ብዙ ሀብት በአይጥ ሆድ ውስጥ አልቋል። በመጨረሻ አንድ ነገር ታወቀ። ሰው ቁጥር ይረሳል፤ የጎረቤቱን የነጠላ ጥለት ግን አይረሳም። «እንትና ከሩቅ ስትመጣ በጥለቷ ነው ያወቅኋት» ማለት ድሮም ነበር። ስለዚህ አድራሻው ጥለት ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ከስሙ ጋር ጥለቱን ይቀበላል። ሹፌር በክሳዱ ላይ፣ ባለሱቅ በሽርጧ ላይ፣ በደጀ ሰላም የተቀመጠ የኔ ቢጤ በጉልበቱ ላይ ጥለቱን ዘርግቶ ይውላል። ከፋዩ መነጽሩን አድርጎ ጥለቱን ያያል፣ መነጽሩ ባለቤቱን አግኝቶ አረንጓዴ ሲያሳየው ይጠቅሳል፣ አለቀ። ሱቅ ገብቶ ባለሱቋን መጥቀስ ነውር መሆኑ ከቀረ ዘመን አልፎታል፤ የሚሽኮረመሙት የድሮውን የሚያስታውሱ ጥቂት አዛውንት ብቻ ናቸው።

ቃልም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ይህ ሲጀመር ለብዙ ሰው ምቾት ነበር። አፍ ላይ የሚከብድ ነገር ሁሉ ቀስ እያለ ከአፍ ወጥቶ ወደ ጥቅሻ ገባ። መጀመሪያ ይቅርታ መጠየቅ ሄደ፣ ቀጥሎ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሄደ፣ በመጨረሻ ማስተዛዘን ሄደ። ለቅሶ ቤት ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ የሐዘንተኛውን ጥለት ያያል፣ የጻፈውን ቃል በጥቅሻ ይልካል፣ ጥቂት ቆይቶ ይሄዳል። ድምፅ አውጥቶ «እግዜር ያጥናህ» ማለት ሐዘንተኛን እንደ ማስጨነቅ ይቆጠራል። ለሐዘን ቃል መልስ እንዲጻፍም ደንቡ አይፈቅድም፤ ሐዘንተኛ ሥራ እንዳይበዛበት ተብሎ ነው። ሐዘንተኛው በአርባው ቀን አንድ ጊዜ ይጠቅሳል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ለሁሉም ይደርሳል። ድንኳን ውስጥ የሚሰማው የወንበር ድምፅ ብቻ ነበር፤ ይህንንም ሰው ሁሉ ለምዶት ነበር።

የናሆም እናት እማማ ቤቲ ያረፉት በዘጠና ሰባት መጋቢት፣ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሙሉ ስማቸው ቤተልሔም ነው፤ በሙሉ ስማቸው የጠራቸው ግን ቄሱ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም በፍትሐት ላይ።

ናሆም በዚያ ቀን ሠላሳ ዓመት በሰፈሩ ያልታየ ነገር አደረገ። ነጠላውን ዘቅዝቆ ለበሰ። ሰው ሁሉ ሲያዝን ደረቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ይለጥፋል እንጂ ማዘቅዘቅ ተረስቷል። ናሆም ግን የስምንት ዓመት ልጅ ሳለ አያቱ ሲሞቱ እናቱ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ስትለብስ አይቷታል። ያን ጊዜ «እማዬ፣ ተገልብጦብሻል» ብሏት ነበር። እሷም «ዓለሜ ተገልብጧል ልጄ፣ ነጠላው ምን ያድርግ» ብላዋለች። ይህን አልረሳም። የራሱ ዓለም ሲገለበጥ እሱም ነጠላውን አስከተለ።

ሦስት ቀን ድንኳኑ ሞላ። ሰው ሁሉ ገብቶ አንገቱ ሥር ያለውን ጥለት አየ፣ ጠቀሰ፣ ወጣ። በአራተኛው ቀን ናሆም መነጽሩን አድርጎ የመጣለትን ቃል ሊያነብ ተቀመጠ።

ምንም አልነበረም።

በሰባተኛውም ምንም የለም። በአርባውም የለም። ሌላው ይቅር፣ የአቤኔዘር እንኳ የለም።

አቤኔዘር ማለት ከግድግዳው ማዶ ያለው ሸማኔ ነው። እኩያሞች ናቸው። ሁለቱ ሸማ ጉድጓዶች የተቆፈሩት በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ነው፤ አባቶቻቸው ከዶርዜ አብረው መጥተው አብረው ነው የቆፈሩት። አርባ ዓመት ሙሉ አንዱ ማጉን ጠቅ ሲያደርግ ሌላው ከማዶ ጠቅ እያደረገ ይመልሳል፤ ማን እንደ ጀመረው አይታወቅም። ከዚያ አርባ ቀን በኋላ ናሆም ሥራ ሲጀምር ሆን ብሎ ምቱን አዛባ። አቤኔዘር ሁለት ቀን ሊከተለው ሞከረ። በሦስተኛው ቀን እሱም ተወው።

ዓመት እንዲህ አለፈ። ናሆም ሰላምታ አሳጠረ፣ ማኅበር ቀረ፣ ሰው ሲያይ መንገድ መቀየር ጀመረ። በሙት ዓመቱ ቀን ከሚስቱና ከልጁ ጋር ብቻ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ነጠላውን እንደገና ዘቅዝቆ ነበር። አቤኔዘር ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ትንሽ አየውና ሄደ። «ሊያይ ነው የመጣው፤ ደስ ይበለው» አለ ናሆም በሆዱ። ልቡ በጣም ተጎዳ፤ የተጎዳ ልብ ደግሞ የሚያስበው አይጠፋም።

እንግዲህ አሥራ ሁለቱ እንግዶች የመጡት ከዚህ ነው።

ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ በሩ ተንኳኳ። በእጅ በር ማንኳኳት ያረጀ ነገር ስለሆነ ሄራን መጀመሪያ የወደቀ ዕቃ መሰላት። ስትከፍት አንዲት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ቆመዋል። ቀጠን ያሉ፣ ፊታቸው ፀሐይ የጠገበ፣ በግራ እጃቸው ትልቅ ባልዲ የያዙ ናቸው።

«ሸማኔው ናሆም እዚህ ነው?»

ናሆም ከጉድጓዱ ወጥቶ መጣ። ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሞቴን የምትጠባበቀው አንተ ነህ?» አሉት።

«ኧረ እማማ፣ እኔ እርስዎን አላውቅም» አለ።

«እኔም አላውቅህ። ዳሩ ግን ዓመት ሙሉ አላስተኛኸኝም። ሶልያና እባላለሁ፤ ከቡሬ ነው የመጣሁት፣ ንብ አረባለሁ። በል አስገባኝ፣ ባልዲው ማር ነው፣ እጄ ዛለ። ሰውን ልወቅስ ብሄድም ባዶ እጄን አልሄድም።»

ገቡና ተቀመጡ። ሄራን ውሃ አቀረበች። እማማ ሶልያና ውሃውን ጠጥተው ጨረሱና ጀመሩ።

«አምና መጋቢት ላይ ነው። ቀፎ ላይ ቆሜ ሳለ መነጽሬ ጭው አለብኝ። ባየው የሐዘን ቃል ነው። ሳይከፈት ከላዩ ‹ሐዘን› ብቻ ይላል። እኔ ማን ሞቶብኝ? ባሌ ከሞተ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ያን ጊዜም ሰው አላበዛም። ስሕተት ነው ብዬ ተውኩት። ሁለተኛ መጣ። ሦስተኛ መጣ። እስከ ማታ ስልሳ ደረሰ። ልጄን ደውዬ ‹ደኅና ነህ ወይ› አልኩት፣ ደኅና ነው። እኅቴን ደወልኩ፣ ደኅና ናት። ታዲያ ማነው የሞተው አልኩ። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ትርንጎ ሳቋን በእጇ ያዘች።

«ሳቂ ልጄ፣ አሁን እኔም እስቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ጠበል ተረጨሁ። ለንቦቼ ወራሽ አዘጋጀሁ። ንስሐ አባቴ ‹ክፈቺና አንብቢው› ቢሉኝ እንዴት ብዬ። የራሱን መርዶ ከፍቶ የሚያነብ ሰው አለ? ቆለፍኩት። ዓመት ሙሉ ስጠብቅ ሳልሞት ቀረሁ። ይኸው አሁን መጋቢት ላይ አንዲት ብቻ እንደገና መጣች። እንግዲህ ዓመት ከጠበቅኩ ምን አስፈራኝ ብዬ እሷን ከፈትኋት። ላኪው ‹ሽሮ ሜዳ› ይላል። ውስጡ ‹ናሆም› ይላል። መልስ ልጽፍ ብል ደንቡ አይፈቅድም። ስለዚህ ራሴው ሰው እየጠየቅሁ መጣሁ።»

ናሆም ግን የመጨረሻውን አልሰማም። ዓይኑ የእሳቸው ነጠላ ላይ ቀርቶ ነበር።

ሸማኔ የሰው ፊት ከማየቱ በፊት ጥለቱን ያያል። የእማማ ሶልያና ነጠላ ቡሬ የተሠራ ነው፤ የሠራውን ሸማኔ እጅ አያውቀውም። አረንጓዴው ቀጭን ሐረግ፣ ከሥሩ ሁለት ድርብ ወርቅማ መስመር፣ ከዚያ ሰባት ትንንሽ አልማዞች፣ አንዷ አልማዝ መሃሏ ክፍት። ይህን ጥለት አይቶት አያውቅም። ሆኖም የራሱ እጅ ያውቀዋል። ጣቶቹ ከጉልበቱ ላይ ሆነው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መቁጠር ጀመሩ።

«እማማ፣ ነጠላውን ለአንድ አፍታ ይሰጡኛል?»

ተቀበለና አልጋው ላይ ዘረጋው። የራሱን ነጠላ ከግድግዳው አውርዶ አጠገቡ ዘረጋ። ከዚያ የእሳቸውን ገለበጠው። አልማዝ በአልማዝ ላይ፣ መስመር በመስመር ላይ፣ ክፍቷ አልማዝ በክፍቷ አልማዝ ላይ ገጠመ። ሁለቱ አንድ ጥለት ናቸው፤ አንዱ በእግሩ ቆሟል፣ ሌላው በራሱ ቆሟል።

ናሆም አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ዘቅዝቄ ነበር» አለ። «ሄራን፣ ዘቅዝቄ እኮ ነበር የለበስኩት።»

ሄራን ገና አልገባትም። ትርንጎ ቀድማ ገባት። ዓመት ሙሉ አባቷ የራቀው ሰፈር፣ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑን የሞላው ሰው፣ ያ ሁሉ ጥቅሻ። ሁሉም ልከዋል። መነጽራቸው አረንጓዴ አሳይቷቸዋል። ቃሉ ተሳፍሮ ቡሬ ወርዶ ንብ ቤት ገብቷል። በአርባው ቀን ደግሞ ናሆም ‹እግዜር ይስጥልኝ› ሳይል ቀረ፤ ሰፈሩም በተራው ተቀየመ።

«ስንት ነው የመጣልዎት?» አለች ትርንጎ።

«መቶ ሰማንያ ሰባት። ከቃሉ ጋር የመጣችውም ሣንቲም እንዳለች ናት፣ አልነካኋትም። አሁን ነጠላህን በእግሩ አቁመውና በአንድ ጥቅሻ ሁሉንም ልላክልህ።»

ናሆም ራሱን ነቀነቀ። «ሣንቲሟ ትቆይ። ቃሉን በአፍዎ ይንገሩኝ» አለ።

እማማ ሶልያና መነጽራቸውን አጠለቁ። ድምፅ አውጥተው ማንበብ ካቆሙ ብዙ ጊዜ ስለሆናቸው መጀመሪያ ተደናቀፉ።

«ይቺ ዳቦ ቤት ያለችው ሶስና ናት። ‹እማማ ቤቲ ዳቦዬን አላበሰልሽውም እያሉ ይመልሱብኝ ነበር። አሁን የሚመልስብኝ የለም፤ እኔ ግን ዳቦዬ ጥሬ እየመሰለኝ ደጋግሜ እቆርሳለሁ።›»

ሄራን አፏን ያዘች።

«ይሄ ሹፌር ነው። ‹ሮጠው እስኪደርሱ በር ከፍቼ እጠብቃቸው ነበር። ዛሬም የእሳቸው ፌርማታ ላይ ትንሽ እቆማለሁ፤ ተሳፋሪው ይቆጣኛል፣ ምክንያቱን አልነግረውም።› ይቺ ደግሞ ልጅ ትመስለኛለች። ‹ማፏጨት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እማዬ አታውቅም።›»

ናሆም ሳቀ። ሲስቅ እንባው ወረደ፣ አልጠረገውም። ዓመት ሙሉ ያልወረደ እንባ ነው። ሴትዮዋ እያነበቡ ሰዓቱ ወደ ምሳ ሄደ። እናቱ በየቤቱ እየገቡ የሠሩትን ነገር ናሆም ግማሹን እንኳ አያውቀውም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሲጽፍ የሰነበተው ስለ አንዲት ተቆጪና ቸር ሴት ነው፤ አንዱም ከሌላው አልቀዳም።

«ይሄ ረዘም ይላል» አሉ እማማ ሶልያና። «አቤኔዘር ይላል ስሙ።»

ናሆም መሬት መሬት አየ።

«‹ናሆሜ፣ እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ስምንት ወር ያጎረሰችኝ እናትህ ናት። አንተን ስትመታ እኔንም ትመታ ነበር፣ በዚያችው በአንድ ጫማ፤ አድልታ አታውቅም። ያቺን ጫማ ታስታውሳለህ? አንድ ቀን በግንቡ ላይ ወርውራብን ጠፋች ብለን ነበር። አልጠፋችም፤ እኔ ነኝ የደበቅኋት። ይኸው ሃምሳ ዓመት እኔ ጋ አለች። ልመልስልህ ብዬ ዛሬ አወጣኋትና አልቻልኩም። አንተም እናት አጥተሃል፣ እኔም አጥቻለሁ፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና እንጃ።›»

ከግድግዳው ማዶ የአቤኔዘር ሸማ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።

«ዘንድሮ የመጣችው፣ እኔን ያስነሣችኝ፣ የሱ ናት» አሉ ሴትዮዋ። «‹ናሆም፣ ዓመት ሆነ፣ አላናገርከኝም። ምን እንዳጠፋሁ ንገረኝና ልካስህ።› ይህን አንብቤ እንዴት ቡሬ እቀመጣለሁ?»

ናሆም ተነሣ። ነጠላውን ለበሰ፣ ጥለቱ በቦታው ወደ ታች። ግቢው ጥግ የቧንቧ ውሃ የሚፈስበት ላይ እርጥብ ሣር በቅሏል፤ አንድ እፍኝ ነጨ። አባቱ ጋጢሶ የተጣላ ሰው ለማስታረቅ ሲሄዱ እርጥብ ሣር ይዘው ነበር የሚሄዱት፤ የአገራቸው ወግ ነው፤ ሣር የያዘን ሰው ማንም አይገፋውም። ናሆም ግን ሣር ይዞ የሰው በር ላይ ቆሞ አያውቅም። ሄራንና ትርንጎ ተከተሉት። እማማ ሶልያናም ባልዲያቸውን ትተው ወጡ፤ ከቡሬ ድረስ መጥተው ይህ ሊያመልጣቸው አይደለም።

አቤኔዘር ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ቀና ሲል ጎረቤቱን አየ፣ ሣሩን አየ፣ እጁ ቆመ።

«በግ የለኝም» አለ። «ሣሩን ለማን ነው ያመጣኸው?»

«ለአንተ ነው» አለ ናሆም። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ቃልህ ሳይደርሰኝ ነው ዓመት ሙሉ የተቀየምኩህ። ዘቅዝቄ ስለብስ አድራሻዬም አብሮ ተዘቀዘቀ። ቃልህ ቡሬ ነው የገባው። ይኸው እማማ ሶልያና ይዘውልኝ መጡ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ጨርሶ መጥቼ አልጠየቅሁህም። ግድግዳ ብቻ ነው መሃላችን ያለው፣ አንድ ቀን መጥቼ ‹ምነው?› አላልኩህም። ይቅር በለኝ።»

አቤኔዘር ከጉድጓዱ ወጣ። ሣሩን ተቀበለና አሸተተው። ከዚያ ሠላሳ ዓመት በዚያ ሰፈር ያልተሰማ ነገር ተናገረ፤ በአፉ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ ሴቶቹ ፊት።

«እግዜር ያጥናህ ናሆሜ። የእማማ ቤቲን ነፍስ ይማር።»

ናሆም አቀፈው። ቃሉ በጆሮ ሲገባ እንዴት እንደሆነ ሊነግራቸው ፈለገና ተወው፤ ሁሉም ሰምተውት ነበር። ጥቂት ቆይቶ አቤኔዘር ትከሻው ላይ እንደ ተደፋ «ጫማዋን ግን አልመልስም» አለ፣ ሁሉም ሳቁ።

ነገሩ እንዲህ በሆነ ጊዜ ትርንጎ ለአድራሻ ጽሕፈት ቤቱ አቤቱታ ጻፈች። መልሱ በሳምንቱ መጣ፦ «ነጠላን ዘቅዝቆ መልበስ በመመሪያው የማይታወቅ አጠቃቀም ስለሆነ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነት አይወስድም።» የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ይህን አንብበው ጽሕፈት ቤቱን አልጠበቁም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በሚሠሩት ጥለት ሁሉ ራስ ላይ አንዲት ቀይ ክር ማስገባት ጀመሩ፤ የላይና የታችን ለመለየት። ከብዙ ወራት በኋላ መነጽር ሠሪዎቹም ክሯን አወቋት። አሁን ዘቅዝቆ የለበሰን ሰው ጥለት የሚያይ ሰው አረንጓዴ አይመጣለትም። «ሐዘንተኛ ነው፤ በአፍዎ ያናግሩት» የሚል ይመጣለታል። መጀመሪያ ብዙ ሰው ተጨነቀ። አሁን ግን ለቅሶ ቤቶች ውስጥ እንደገና የሰው ድምፅ ይሰማል።

ይህ ግን በኋላ ነው። ወደ ሠርጉ እንመለስ።

ናሆም የጥሪውን ወረቀት ቀደደና ቤት ለቤት ዞሮ በአፉ ጠራ። ግማሽ ቀን ይበቃል ብሎ የወጣው አራት ቀን ፈጀበት፤ በየቤቱ አስቀምጠው ስለ እናቱ ያወሩታልና። ሶስና ዳቦ አቀረበችለትና «በስሏል?» አለችው። ቆረሰ፣ አላመጠ፣ «አልበሰለም» አላት። ሶስና እንባዋን እየጠረገች ወደ ጓዳ ገብታ ሌላ አመጣች። ማፏጨት የተማረችው ልጅ ማን እንደሆነች እናቷ ፊት አልጠየቀም። ከግቢው ሲወጣ ግን ከኋላው አንድ ረጅም ፉጨት ሰማ፣ ዘወር አላለም።

እማማ ሶልያና «የሙሽራዋን ቀን ሳላይማ አልሄድም» ብለው ቡሬ ላሉት ንቦች ልጃቸውን ኃላፊ አድርገው ቀሩ። ባልዲው ማር ጠጅ ሆነ።

ግንቦት ላይ፣ በአንድ እሑድ፣ ድንኳኑ ከናሆም ግቢ ጀምሮ በአቤኔዘር ግቢ አልፎ መንገዱን ዘጋ። ሹፌሩ አውቶቡሱን እዚያው አቁሞ ተሳፋሪዎቹን ይዞ ገባ። አሥራ ሁለቱ የሙሽራው ወገኖች ይህን ሁሉ ሰው ሲያዩ የሌላ ሰው ሠርግ የገቡ መስሏቸው በር ላይ ቆመው ነበር፤ እማማ ሶልያና ናቸው እጃቸውን ይዘው ያስገቧቸው።

ሰው ሁሉ ወደ ናሆም እየቀረበ፣ መነጽሩን አውልቆ፣ በአፉ ይናገራል። መጀመሪያ «እግዜር ያጥናህ» ይላል፣ ዓመት የዘገየውን። ቀጥሎ በዚያው ትንፋሽ «እንኳን ደስ ያለህ» ይላል። ናሆም ለአንዱ ሲያለቅስ ለሌላው ሲስቅ፣ በመጨረሻ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ተምታቶበት ለሁሉም ሁለቱንም አደረገ። ደስታው እንዲህ ያለ ነበር።

መጨረሻ ላይ አቤኔዘር መጣ። በእጁ በነጭ ሸማ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ለናሆም አልሰጠውም፤ ቀጥታ ወደ ሙሽራዋ ሄደና ጭኗ ላይ አኖረው።

ትርንጎ ፈታችው። አንዲት አሮጌ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጫማ ናት። ማሰሪያዋ ተበጥሶ በሽቦ ተጠግኗል፣ ተረከዟ ተበልቷል።

«አያትሽ በዚች ነው ሁለታችንን ሰው ያደረገችን» አለ አቤኔዘር። «ከእንግዲህ ያንቺ ናት። አድልተሽ አትምቺባት።»

ትርንጎ ጫማዋን በቀኝ እጇ ይዛ ይታገሱን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ይታገሱ በወንበሩ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ድንኳኑ ሳቀ። እሷም ሳቀችና፣ አያቷ ያደርጉ እንደ ነበረው፣ ጫማዋን ከራሷ በላይ ከፍ አደረገቻት።

ሙሽራው ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። ወዲያ ማዶ ግን ሁለት የስልሳ ምናምን ዓመት ሸማኔዎች፣ ሳይነጋገሩ፣ እኩል፣ ጎንበስ አሉ።